ማክሰኞና ቅዳሜ ደሴ

ሚያዝያ 7፣ 2017፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ልጄ ሙና ናት። «አባዬ፣ ለኛ ከምትጮህ ለወረቀት ጩህ» አለችኝ። ወልደህ አስተምረህ መምህርት ስታደርጋት እንዲህ ታዝሃለች። ደብተር ሲጀመር ስም ይጻፋል ስላለች ይኸው፦ ጀይላን፣ ሹፌር፣ ከሚሴ።

ጎልማሳነቴን በሙሉ ከከሚሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ስነዳ ነው የጨረስኩት። ባለቤቴ ዘይና ኩላሊቶቿ ሥራ ሲያቆሙ ሚኒባሱን ሸጥኩና ይህችን በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ ያገለገለች ሃይብሪድ መኪና ገዛሁ። ዘይና ማክሰኞና ቅዳሜ ደሴ ሄዳ ደሟ በማሽን ይታጠባል። አውቶቡስ ሞክረን ነበር፤ ስንመለስ መሀል መንገድ ላይ ራሷን ስታ ወደቀችብኝ። ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ የሚባል ነገር አልሰማም ብያለሁ።

ነዳጅ ስላጠረ እዚህ ተራችን ደርሶ ስንቀዳ የሚሰጡን በሳምንት ሃያ ሊትር ቤንዚን ነው። ሚኒባሱ በዚያ አንዴ ደርሶ ቢመለስ ነው። ሃይብሪዷ ግን በስምንት ሊትር ደርሳ ትመለሳለች። ሁለት ጊዜ ስምንት አስራ ስድስት፤ ለክፉ ቀን አራት ይተርፈኛል።

ለሚጠይቀኝ ሁሉ የማስረዳው እንዲህ ብዬ ነው። ሌላው መኪና ፍሬን ሲይዝና ቁልቁለት ሲወርድ በከንቱ የሚጥለውን ጉልበት እሷ ወደ ባትሪዋ ትሰበስባለች። ስትቆም ሞተሯን ታጠፋለች፤ ስትነሳ በባትሪው ትነሳለች፤ ዳገት ላይ ባትሪው ሞተሩን ያግዘዋል። ከደሴ ስንመለስ የሀረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ ባትሪው ጢም ብሎ ይሞላል። ከሚሴ መናኸሪያው ፊት ስቆም ሞተሩ ድምፁን ሲያጠፋ ባለባጃጆቹ «አያ ጀይላን፣ ሞተችብህ፤ እንግፋልህ?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እነሱ ቆመው ነዳጅ ሲያቃጥሉ እኔ ቆሜ አላቃጥልም።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ

ዘይና ከማሽኑ ስትወርድ ታጥቦ እንደተጨመቀ ልብስ ሆና ነው። ደግሞ ብርድ ይላታል። ጨፋ ሜዳ ላይ ከሙቀቱ የተነሳ ሰው ጥላ ፍለጋ ሲሮጥ እሷ ትንቀጠቀጣለች። ዛሬ ስንመለስ «አባ ሙና፣ አጥንቴ ወንበሩን ነካው» አለችኝ። ሥጋዋ አልቋል ማለቷ ነው። ጉድጓዱን እየሸሸሁ ቀስ ብዬ ነዳሁ።

ቤት እንደገባን ለእንግዳና ለዱአ ቀን ብቻ የምናነጥፈውን የጥጥ ፍራሽ አወጣሁ። ጎረቤታችን እቴቴ ዓዲላ ስታየኝ «አበጀህ! በኛ አገር በሽተኛ በባዶ ወንበር አይሄድም» አለችና የራሷን ቡልኮ ጨመረችልኝ። ፍራሹ የኋላውን ወንበር ከበር እስከ በር ሞላው። እንዳይንሸራተት ጫፉን በወንበሩና በበሩ መሀል ጠቅጥቄ አስገባሁት። እዚያ ጥግ ላይ ወንፊት የመሰለች የሬዲዮ ድምፅ ማውጫ ነበረች፤ ተሸፈነች። ድሮም ዘፈን አልወድም።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ደርሰን ተመለስን። ፍራሹ ተስማምቷታል፤ እስከ ኮምቦልቻ እንቅልፍ ወሰዳት። እንዳይበርዳት መስኮት ዝግ፣ ማቀዝቀዣ ዝግ። እኔ በላብ ተጠምቄ ነው የምነዳው። ለሷ ከሆነ ምን ቸገረኝ።

ስትነቃ «ከስሬ አንድ ነገር ያቃስታል» አለችኝ። ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። እውነትም ንፋስ በቀዳዳ ሲገባ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ አለ። «ያንቺ ጆሮ ነው» አልኳት።

ዘጠኝ ሊትር ሄደ። የአፋሮቹ ግመሎች መንገዱን ዘግተው አቁመውን ነበር፤ ከዚያ ይሆናል።

ሚያዝያ 23፣ ሐሙስ

የነዳጅ ሰልፍ። ጀሪካኖቹ ተራ ይዘው ፀሐይ ላይ፣ ባለቤቶቻቸው ጥላ ውስጥ። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ለጓደኛው ሲያወራ ሰማሁት። «ሃይብሪድ የሚባለው ባትሪው እስኪሞት ነው ሃይብሪድ የሚሆነው። ከዚያ በኋላ የባትሪውን ሬሳ ተሸክሞ የሚዞር መኪና ነው።»

ዞር ብሎ አየኝና አፈረ። ከዚያ በኦሮምኛ ሰላምታ አወረደው፤ «አከም ጅርቱ? ናጋ?» ደህና ነኝ አልኩት። ደህና ግን አልነበርኩም። ቀኑን ሙሉ ያቺ ሬሳ ያላት ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ስትዞር ዋለች።

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

አስር ሊትር አለፈ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ሁሉንም ነገር ሞከርኩ። ነዳጅ መስጫውን እንቁላል እንደሚረግጥ ሰው ነው የነካሁት። ፍሬን ከሩቅ ጀምሬ ያዝኩ፣ ጎማዎቹን አስነፋሁ፣ ከኋላ ያለውን ትርፍ ዕቃ ሁሉ አወረድኩ። ስክሪኑ ላይ ግን የባትሪው መስመሮች ግማሽ እንኳ አይደርሱም። መናኸሪያው ፊት ስቆም ሞተሩ አልጠፋም። ባለባጃጆቹም አልቀለዱብኝም።

የሚያቃስተው ነገር ብሶበታል። ዘይና እጇን ከፍራሹ ሥር ሰድዳ «ይህች መኪና እንደኔው ትንፋሽ አጥሯታል» ትለኛለች። ሰውና መኪና አንድ ሆኖ አያውቅም ብዬ ተቆጣኋት። ምን አስቆጣኝ?

ማታ ግቢ ሆኜ ለወንድሟ ለአብዱልጀባር ደወልኩለት። ሰንበቴ ከተማ ከብት ይነግዳል፤ ፒካፕ አለው፤ ግን የሚሠራው በናፍጣ ነው፤ ናፍጣ ስለጠፋ እሱም ከቆመ ሰንብቷል። «በዚህ ዓይነት ሁለቴ መመላለሱን እንጃ» አልኩት። «ለሁለት ቀን የሚሆን ነዳጅ የለኝም።» ሌላም ሌላም ብዬዋለሁ፤ ጮክ ብዬ ነው የማወራ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ዘይና ተኝታ ነበር መሰለኝ።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ስንመለስ ኮምቦልቻ ሙሀመድኑር ጋራዥ ቆምን። በዚህ መስመር ሃይብሪድ እሠራለሁ የሚለው እሱ ብቻ ነው፤ ምላሱ ከእጁ ይፈጥናል። አንዲት ነገር መሪው ሥር ሰካና ስልኩ ላይ ማንበብ ጀመረ።

«ባትሪው ይግላል፣ አያ ጀይላን። ሲግል መኪናዋ እሱን ለማዳን ብላ ታሳርፈዋለች፤ ሥራውን ሁሉ ሞተሩ ላይ ትጭናለች። ነዳጁን የሚጨርስብህ ይኸው ነው። ወይ አርጅቷል ወይ የሆነ ነገር አፍኖታል። ቆይ ኋላውን ልየው።»

ዞሮ የኋላውን በር ሲከፍት ዘይና ቡልኮዋን ተከናንባ ተኝታለች። «አስተግፊሩላህ!» ብሎ ፊቱን አዙሮ መልሶ ዘጋው። ዘይና ከውስጥ «ልነሳለት፣ ይየው» አለች። እኔና እሱ ባንድ አፍ «ኧረ በአላህ! አትነሽም!» አልናት። የታመመች ሴት ከተኛችበት አስነስቶ ወንበር መፈተሽ ምን የሚሉት ወግ ነው?

«በል ባዶዋን ይዘሃት ስትመጣ አየዋለሁ» አለኝ። ባዶዋን ኮምቦልቻ የምመላለስበት ነዳጅ ከየት ይምጣ! ሲሸኘኝ ደግሞ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ መኪናም ያው ነው» አለ። ሁለታችንም ሳቅን። ዘይና አልሳቀችም።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

አስራ ሁለት ሊትር። ከሰው ተበድሬ ነው የሞላሁት።

ግን የምሥራች አለኝ። ዘይና ከውስጥ ስትወጣ ፊቷ ፈካ ብሎ «ሀኪሙ ከእንግዲህ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃሻል አለኝ» አለችኝ። ወንድ ወደ ሴቶቹ ክፍል ስለማይገባ እኔ አልሰማሁም፤ ወረቀትም አልሰጣትም፤ በአፉ ነው የነገራት። አልሐምዱሊላህ! ቅዳሜ ብቻ ከሆነ አስራ ሁለት ቢፈጅ ምን ገደደኝ። ስምንት ይተርፈኛል።

መንገድ ላይ በደስታ ነሺዳ ሳንጎራጉር «ድምፅህ ከመኪናው ይብሳል» አለችኝ። ሳቀች። ስትስቅ ከሰማኋት ስንት ጊዜዬ።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ማክሰኞ ቤት መዋል ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር። መኪናዋ ጥላ ውስጥ ቆማለች። ዘይና ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ማሽላ ስትለቅም ዋለች። «ደክሞኝ አይደለም፤ እጄ ሥራ ፈትቶ ነው» ትላለች ሳልጠይቃት።

ማታ ላይ አብዝታ ውሃ ጠማኝ አለች። አብዝታ እንዳትጠጣ ተከልክላለች። አንዲት ሲኒ ሰጠኋት።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

ከሙና ጋር ተጣላን።

ትናንት ስትመጣ እናቷን ጫማ እምቢ ብሏት በነጠላ ጫማ አገኘቻት። እግሯን ነካ አድርጋ ጣቷን ስታነሳ የጣቷ አሻራ ጎድጎድ ብሎ ቀረ። ዘይና ቶሎ ቀሚሷን ሳበችው። «ሙቀቱ ነው፤ የከሚሴ ሙቀት ማንን ያላሳበጠ አለ» አለች። እኔም ሙቀቱ ነው አልኩ። ግንቦት እኮ ነው።

ሙና ውጭ ይዛኝ ወጣች። «አንድ ቀን ይበቃል ያለው የትኛው ሀኪም ነው? ስሙ ማን ነው?» ትለኛለች። እኔ ምን ላውቅ! እናቷ ናት የነገረችኝ። ደሴ ቤት እንከራይላት አለችኝ፤ ያንንም አስቀድሜ ጠይቄያት «ሰው በማያውቀኝ አገር አልሞትም» ብላ ዘግታዋለች። ያን ቀን ሞት የሚለውን ቃል ሰምቼ እንዳልሰማሁ ነበር የሆንኩት።

ከዚያ ሙና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባዬ፣ የባትሪውን መስመር በቀን ስንት ጊዜ እንደምታይ ታውቃለህ? እሷንስ?» አለችኝ። በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ስለኔ እንዲህ እንደሚባል አላውቅም ነበር።

እኔ ሹፌር ነኝ። ኩላሊት መጠገን አልችልም። መኪና ግን አውቃለሁ ብዬ ነበር።

ግንቦት 23፣ ቅዳሜ

ሄድን። ተመለስን። አስራ ሦስት። እስክትወጣ ውጭ ሆኜ ሞተሩን ሳይ ዋልኩ፤ ሞተሩ ምንም የለበትም። ነርሷ ከበሩ ብቅ ብላ ልትጠራኝ ስትል ዘይና «ተያቸው፤ እሳቸው ከመኪናቸው አይለዩም» ስትላት ሰማሁ። ምን ልትለኝ እንደነበር አልጠየቅኩም።

ግንቦት 29፣ አርብ፣ አረፋ

ዒድ ሙባረክ ለዚህ ደብተርም።

ሰው ሁሉ መጣ። ሼህ በድሩ እንኳ በምርኩዝ መጥተው እጃቸውን ዘርግተው ዱአ አደረጉላት፤ «ረቢ ሲ ሃ ፈይሱ»፣ ፈጣሪ ይማርሽ። ሰው ሁሉ አሚን አለ። ዘይና በመሀል «ሼሂ፣ ለአባ ሙና መኪናም ዱአ ያድርጉላት፤ ከኔ የባሰች በሽተኛ ናት» አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሼህ በድሩም ሳይሳለቁ ለመኪናዋ ዱአ አደረጉላት። እኔ ከልቤ ነው አሚን ያልኩት።

ዘይና ሥጋውን በዓይኗ ብቻ ነበር የበላችው። ትራስ ተደራርቦላት ቁጭ ብላ ነው የዋለችው። ጋደም በይ ብላት «ጋደም ስል ደረቴ ላይ ሰው ይቀመጥብኛል» አለችኝ። ደክሟት ነው፤ እንግዳ በዝቶባት ነው።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ሀረጎን ስንወጣ መኪናዋ ቀይ መብራት አበራችና ጉልበቷ ሁሉ ሸሸ። ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ትሳባለች። ከኋላ ያሉ ከባድ መኪኖች ጡሩምባ ይነፉብኛል። ዘይናም ከኋላ በአፏ አየር ትስባለች። ዳር ይዤ አቆምኩና አራቱንም በር ከፈትኩ። ደግፌ አውርጄ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት። ከላይ ከደሴ የሚወርደው ንፋስ ነጠላዋን ሲያነሳው ዓይኗን ጨፍና ጠጣችው።

ብዙ ቆይተን ስንነሳ መኪናዋ እንደ ድሮዋ ሆና ተነሳች። ቀዩ መብራት ጠፋ፣ ዳገቱን ጥሩ አድርጋ ወጣችው። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ዘይና «አየህ፣ አየር ነው የፈለገችው» አለችኝ። «መኪና አየር አይተነፍስም» አልኳት። ብርድ እንዳይመታት መስኮቱን ዘጋሁ።

የደረስነው ተራዋ ካለፈ በኋላ ነው። ማሽኑ ላይ ጥቂት ብቻ አቆይተው አወረዷት፤ ቀጣዩ በሽተኛ እየጠበቀ ነበር።

ስንመለስ ኮምቦልቻን ሳንደርስ ቀዩ መብራት እንደገና በራ። ያን ጊዜ መሪውን በቡጢ መታሁት። ዘይና ከኋላ «ምን አደረገችህ? ደከማት እንጂ» አለችኝ።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ጧት። መተንፈስ አቃታት። ከንፈሯ ጠቆረ።

ነዳጅ የለም፤ የቅዳሜው መንገድና የተበደርኩትን መመለስ ጨርሰውታል። ሰልፉ ከነገ ወዲያ ነው።

ዩሱፍ የሚባለው ባለባጃጅ ጀሪካን ይዞ መናኸሪያውን ዞረው። ሁሉም ከየባጃጁ ቀዳ፤ ግማሽ ግማሽ ሊትር። እነዚያ ሲስቁብኝ የነበሩት። አንዱም አልሳቀ።

ሙና ከኋላ አቅፋት። እኔ መንዳት ብቻ።

ደረስን።

ማታ፣ ደሴ፣ ከሆስፒታሉ ግቢ

አብዱልጀባር ናፍጣ ከየትም ብሎ ፈልጎ ከሰንበቴ በፒካፑ ደርሷል። ሙና ውስጥ ናት። እኔንም ዛሬ ግባ አሉኝ። የማይገባ የነበረው ሰው ግባ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኛል።

ነርሷ መተላለፊያው ላይ አገኘችኝ። ወጣት ናት፤ ልትቆጣኝ አልፈለገችም፤ ግን ተቆጣችኝ። «አባባ፣ በሳምንት ሁለቴ ትምጣ፣ አንዴም እንዳትቀር እያልናት ማክሰኞ ማክሰኞ ለምን ቀረች? ስንጠይቃት መኪናችን ተበላሽቶ ነው፣ ሲሠራ እመጣለሁ ትለናለች።»

ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። አንድ ሰው አልፎ «ይቅርታ» አለኝ፤ መንገድ ዘግቼበት ነበር።

ከዚያ ወደ ዘይና ገባሁ። አፍንጫዋ ላይ ቱቦ አድርገውላታል። ዓይኗን ገልጣ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ለመመለሻ ነዳጅ አለህ?» ብላ ነው።

«አለኝ።»

«ዋሽተኸኝ እንዳይሆን።»

«አንቺም ዋሽተሽኛል» አልኳት።

ፈገግ አለች። እጄን ይዛ «የሆድህን ማታ ማታ ግቢ ሆነህ ታወራዋለህ፤ እኔ ደግሞ ጆሮዬ አልታመመም» አለችኝ። ከዚያ ደከማትና ዓይኗን ጨፈነች። እኔም እጇን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። የእጇን ክብደት ዛሬ ነው ያወቅኩት፤ ምንም የላትም።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።

ትናንት ጎህ ሲቀድ ሄደች። ሱብሒ ሰግጄ ስመለስ ሙና በር ላይ ቆማ ነበር። ነገሩን ከአቋቋሟ አወቅኩት።

ትናንት ከዓስር ሰላት በኋላ ከሚሴ ቀበርናት። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ይህን የምጽፈው ለቅሶ ሊደርሱ የመጡትን ሙናና እቴቴ ዓዲላ እያስተናገዱ እኔን ጓዳ አስገብተውኝ ነው። ጋደም ይበል ብለው ነው። ጋደም አልልም።

መንገዱን ልጻፈው። ለማንም ስለማልነግረው እዚህ ልጻፈው።

ከደሴ ያመጣናት በአብዱልጀባር ፒካፕ ነው። እንዳይቆረቁራት ፍራሹን ከኔ መኪና አውጥተን ከሥሯ አነጠፍንላት፤ የእቴቴ ዓዲላን ቡልኮ ደግሞ ላይዋ ላይ። ሙና ከእናቷ አልለይም ብላ እዚያው ወጣች። እኔ ብቻዬን ባዶዋን መኪና ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። የሚበርዳት ሰው ስለሌለ መስኮቶቹን ሁሉ ከፈትኩ።

ሀረጎን ስንወርድ የባትሪው መስመሮች አንድ በአንድ ተነሱ። ሁሉም አረንጓዴ ሆኑ። የሚያቃስተው ነገር የለም። መጀመሪያ ልብ አላልኩም፤ ዓይኔ ፒካፑ ላይ ነበር።

ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ፒካፑ ለቀብር የሚሄድ ሰው ለመጫን ቆም ሲል ሞተሬ ጠፋ። ዝም አለ። ድሮ ከሚሴ መናኸሪያው ፊት እንደሚያደርገው። ሙሀመድኑር ሰምቶ ኖሮ ከጋራዡ ሮጦ መጣ። ፒካፑ ዘንድ ቆሞ ዱአ አደረገ፣ እኔን አቀፈኝ፤ ከዚያ አብሮን ሊቀብር የኔን መኪና የኋላ በር ከፍቶ ገባ። ሲቀመጥ እጁ በወንበሩና በበሩ መሀል ያለችውን ወንፊት ነካ። የጥጥ ብናኝ ነበረባት። በጣቱ ጠረግ ጠረግ አደረጋትና ሳያስበው «አያ ጀይላን፣ ይህች እኮ የባትሪው መተንፈሻ ናት። በዚህች ነው ከውስጥ አየር እየሳበች የምታቀዘቅዘው። ምን ደፍኗት ነው...» አለና ቀና አለ።

ፊት ለፊታችን ፒካፑ ላይ ያለውን ፍራሽ አየ። እኔም አየሁት።

«ያን ቀን ባየው ኖሮ» አለ በመጨረሻ።

«ተኝታ ነበር» አልኩት።

«ተኝታ ነበር» አለ እሱም። ፒካፑ ሲነሳ ተከተልኩት።

የሬዲዮ ድምፅ ማውጫ ብዬ ነበር የጻፍኩት። ገልጬ አየሁት፤ ሚያዝያ 11። ጫፉን ጠቅጥቄ አስገባሁት ብዬ ጽፌያለሁ፤ እንዳይንሸራተት ብዬ። እሷ እጇን ሰድዳ ነግራኝ ነበር። ትንፋሽ አጥሯታል ብላኝ ነበር። ሀረጎ ላይም አየር ነው የፈለገችው ብላኝ ነበር። ተቆጣኋት። ዘይና ሳትማር፣ ሳትነዳ፣ ተኝታ ያወቀችውን እኔ መሪ ጨብጬ አላወቅኩትም። ሁለቴ ከምትሄድበት ማክሰኞዋን የወሰድኩባት ለሷ ባነጠፍኩት ፍራሽ ነው። የአላህ ቀደር፣ የሱ ውሳኔ ነው ይሉኛል ሰዎቹ። አዎ፣ ወስኗል። እኔ ግን ያነጠፍኩትን አውቃለሁ።

ሰኔ 15፣ እሑድ

ሰው እየቀነሰ ነው። አብዱልጀባር ወደ ሰንበቴ ሊሄድ ሲል ፍራሹን አወረደልኝ። «ታጥቧል» አለኝ። የት ላስቀምጠው? እቴቴ ዓዲላ አየችኝና ሳትጠይቀኝ ወስዳ ቆጥ ላይ ሰቀለችው። «አበጀህ፣ ባለቤትህን አክብረህ ነው የሸኘህ፤ በፍራሽ ወስደህ በፍራሽ መለስክ» አለችኝ። አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለኝ። ዓይኗን ማየት አቅቶኝ ወደ መሬት አየሁ።

ለሙና ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። እሷ ቀድማ «አባዬ፣ ያልኩህን ይቅር በለኝ። አንተ የቻልከውን ሁሉ አድርገሃል» ብላ ትከሻዬ ላይ አለቀሰች። አፌን ዘጋሁ። በሽታውን የደበቀ ነኝ እንግዲህ።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ልማድ ሆኖብኝ ገና ሳይነጋ ተነሳሁ። ውሃ አሞቅኩ፣ ነጠላዋን ከመስቀያው አነሳሁ፣ ከዚያ መልሼ ሰቀልኩት። ወጥቼ መኪናዋ ውስጥ ገባሁ። የኋላው ወንበር ባዶ ነው፤ ወንፊቷም ጥግ ላይ ክፍት ናት። ቁልፉን ነካሁት። በባትሪ ተነሳች፤ ምንም ድምፅ የለም።

ስክሪኑ ከደሴ ስንመለስ የፈጀችውን ነዳጅ ያሳያል። ይህችን መኪና ከገዛሁ ጀምሮ እንዲያ ትንሽ በልታ አታውቅም። ባለባጃጆቹ ግማሽ ግማሽ ሊትር ያዋጡት ቤንዚን ደርሶ መልስ ሄዶበት እንኳ ተርፏል። ትናንት ለዩሱፍ ልመልስለት ጀሪካን ይዤ መናኸሪያ ሄጄ ነበር፤ «አያ ጀይላን፣ ለሷ ነው የሰጠነው፤ አንቀበልም» አለኝ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ነዳጅ አለ።